የዕቃው ምስክር፤ ስለ ሙቀትና ስለ እርጥበት መዝጋቢ መሣሪያ አመራረጥ

በንግድ ሥራ ውስጥ ሚዛንና ሜትር ያላቸው ስፍራ ለማንም ነጋዴ የታወቀ ነው። ሻጭና ገዢ በኪሎው ቢከራከሩ ዕቃው ተመልሶ ይመዘናል፤ በርዝመቱ ቢከራከሩ ተመልሶ ይለካል። በመንገድ ላይ ወይም በመጋዘን ውስጥ ያለፈ ሙቀት ግን ተመልሶ አይለካም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሲሞቅ ያደረ መድኃኒት፥ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ጠዋት ቢለካ የተለመደውን 5 ዲግሪ ያሳያል፤ ፀሐይ ላይ የቆየ የጽጌረዳ ካርቶንም ወደ ቅዝቃዜ ክፍል ከገባ በኋላ የደረሰበትን አይናገርም። ጕዳቱ የሚገለጠው ዕቃው ከገዢው እጅ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜም ክርክሩ፥ ዕቃው የተበላሸው በማን እጅ ሳለ ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ ዳታ ሎገር ይባላል። በአማርኛ «መዝጋቢ» ብንለው ሥራው በሚገባ ይገለጣል፤ የሙቀቱን ወይም የእርጥበቱን መጠን በተወሰነ ደቂቃ ልዩነት እየለካ፥ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር የሚያስቀምጥ ነውና። መዝጋቢ ዕቃን አያቀዘቅዝም፤ ከብልሽትም አያድንም። ተግባሩ የምስክር ተግባር ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የሚገዛ ነጋዴ በመልኩና በዋጋው ብቻ ሳይሆን፥ ምስክር በሚመረጥበት መንገድ ሊመርጠው ይገባል፤ ቃሉ የታመነ፥ የማይተኛ፥ ነገሩ በሆነበት ስፍራ የቆመ፥ ሰዓቱንም በትክክል የሚያውቅ መሆን አለበት።

በሦስቱ ከተሞች የሚገኘው ንግድ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ፥ ቡራዩ በአምቦ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ከእነዚህ በሮች ወደ ዋና ከተማው የሚገባውና ወደ ውጭ አገር የሚወጣው ዕቃ አብዛኛው በሙቀትና በእርጥበት የሚጐዳ ነው። በሰበታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች አሉ፤ የሆለታም አበባ ወደ ቦሌ የሚጓዘው በቡራዩ በኩል ነው። ሱሉልታ በወተቱ ከጥንት የታወቀ ነው። በሦስቱም ከተሞች መድኃኒት ቤቶች፥ የምግብ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ተበራክተዋል። ወደ ጂቡቲ የሚወርደውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድም የሚጀምረው ከሰበታ ነው።

ዕቃዎቹ የሚፈልጉት የሙቀት መጠን እንደየዓይነታቸው ይለያያል። የተቈረጠ ጽጌረዳ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ በተግባርም ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይጠበቃል። የታለበ ወተት ሳይዘገይ ወደ 4 ዲግሪ መውረድ አለበት። በጾም ወራት ወተት ፈላጊ ሲያንስና ወተቱ በማቀዝቀዣ ጋን ውስጥ ሲቆይ፥ የአንድ ሌሊት የመብራት መጥፋት የሚያስከትለው ኪሣራ በፍስክ ጊዜ ከሚያስከትለው የበለጠ ነው። ክትባትና ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦሌ የደረሰው 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት በዚሁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚጠበቅ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ባለ ሱቆች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ብርድም እንደ ሙቀት ጕዳት የሚያደርስ መሆኑ ነው። ኢንሱሊን አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ይጣላል እንጂ ቀልጦ አይሸጥም። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ክትባቶችም በበረዶ ኀይላቸውን ያጣሉ፤ ይህም ጕዳት ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በሱሉልታ ሜዳ መድኃኒት የሚያስቀምጥ ሰው፥ ከላይ ያለውን ወሰን ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም ሊጠብቅ ይገባዋል።

የመሣሪያው አሠራር

መዝጋቢ መሣሪያ አዲስ ግኝት አይደለም። ከኤሌክትሮኒክስ ዘመን በፊት፥ ወረቀት በተጠቀለለበትና በሰዓት ሞተር በሳምንት አንድ ጊዜ በሚዞር ከበሮ ላይ ብዕር የሙቀቱን መስመር ይሥል ነበር። እርጥበቱን የሚለካው የሰው ፀጕር ነበር፤ ፀጕር አየሩ ሲረጥብ ይረዝማልና። በዚህ ጠባዩ መሣሪያ ሊሠራበት እንደሚቻል የጄኔቩ ሊቅ ሶሱር በ1783 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው አስረድቷል።

የዛሬው መዝጋቢ አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሙቀቱን ወይም እርጥበቱን የሚሰማው ሴንሰር ነው፤ ሁለተኛው ሰዓቱ፥ ሦስተኛው ማኅደሩ፥ አራተኛው ባትሪው ነው። የሙቀት ሴንሰር በሦስት ዓይነት ይሠራል። ቴርሚስተር የሚባለው ርካሽና ለማቀዝቀዣ ሥራ በቂ ነው። ፒ ቲ 100 የሚባለው ከፕላቲነም የተሠራና የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም የሆነ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፥ ነገር ግን ለብዙ ዘመን ሳይዛባ ይቆያል። ቴርሞካፕል የሚባለው ለምድጃና ለማሞቂያ ጋን የተመቸ ነው፤ ስሕተቱ 2 ዲግሪ ያህል ሊደርስ ስለሚችል ለመድኃኒት ማቀዝቀዣ አይመረጥም። ከእነዚህ ሌላ የውኃን ከፍታ በግፊት የሚመዘግቡ፥ የፋብሪካ ፍሳሽን አሲድነት የሚለኩም አሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚመለከታቸው ባለ ፋብሪካዎች ስለ ፍሳሻቸው ሲጠየቁ የሚያቀርቡት የተከታታይ ቀናት መዝገብ ቢኖራቸው ይጠቅማቸዋል። ይህ ጽሑፍ ግን በሙቀትና በእርጥበት መዝጋቢዎች ላይ የተወሰነ ነው።

የቃሉ መታመን

በመሣሪያው መስታወት ላይ 7.6 የሚል ቍጥር ቢታይ፥ ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ብዙዎችን ያሳምናል። ነገር ግን መሣሪያው አሥረኛ ዲግሪ ማሳየቱ ለአሥረኛ ዲግሪ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 1 ዲግሪ የሆነ መሣሪያ 7.6 ሲል፥ እውነቱ 8.6 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ክትባቱ ከወሰኑ አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለሚጠበቅ ዕቃ ስሕተቱ ከግማሽ ዲግሪ የማይበልጥ መሣሪያ መምረጥ ይገባል። ለእርጥበት ከመቶ 2 ወይም 3 የሆነ ስሕተት መልካም ይባላል፤ የእርጥበት ሴንሰር ግን ከሙቀቱ ይልቅ ቶሎ የሚዛባ ስለ ሆነ በየዓመቱ መመርመር ያስፈልገዋል።

የቃሉ መታመን የሚረጋገጠው በካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱን የተቀበለ ነጋዴ ሦስት ነገር ይመልከት። በወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቍጥር በመሣሪያው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ምርመራው ዕቃው በሚቀመጥበት ሙቀት አጠገብ የተደረገ ይሁን፤ ቀኑም ያላለፈበት ይሁን። በ25 ዲግሪ ብቻ የተመረመረ መሣሪያ በ2 ዲግሪ ላይ ለሚሰጠው ቃል ዋስ የለውም። በአገራችን የዚህ ሥራ ባለቤት የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው።

በሁለት ምርመራዎች መካከል ነጋዴው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፈተና አለ። ቴርሞስ ውስጥ በደቀቀ በረዶ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ጨምሮ በሚገባ ያማስል፤ ከዚያም የመሣሪያውን ሽቦ ጫፍ ከበረዶው መካከል ያግባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዜሮ ወይም ለዜሮ እጅግ የቀረበ ቍጥር መታየት አለበት። ለእርጥበት ደግሞ የወጥ ጨው በጥቂት ውኃ አርሶ በትንሽ ክዳን ላይ ያድርግና ከመሣሪያው ጋር በደንብ በሚከደን ማሰሮ ወይም ዕቃ ውስጥ ያሳድረው፤ ጨዉ መሣሪያውን እንዳይነካው ይጠንቀቅ። በማግስቱ 75 ከመቶ ያህል ማሳየት ይገባዋል። በፈላ ውኃ መፈተን ግን በእኛ አገር ያሳስታል። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በሰበታና በሱሉልታ ከፍታ ግን የሚፈላው ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

የማይተኛ መሆኑ

መዝጋቢው በየስንት ደቂቃው እንዲለካ ማዘዝ የባለቤቱ ፈንታ ነው። በየሰዓቱ ብቻ የሚለካ መሣሪያ አበባው በአውሮፕላን ማረፊያ ፀሐይ ላይ የቆየበትን 40 ደቂቃ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል። በየደቂቃው የሚለካም ማኅደሩን ቶሎ ይሞላል። 16,000 ልኬት የሚይዝ መሣሪያ በየ10 ደቂቃው ቢለካ 111 ቀን ይበቃዋል፤ በየ5 ደቂቃው ቢለካ 55 ቀን፥ በየደቂቃው ቢለካ ግን 11 ቀን ብቻ ነው። ለመድኃኒት ማቀዝቀዣ 10 ደቂቃ፥ ለአበባ ጭነት 5 ደቂቃ በቂ ነው። ማኅደሩ ሲሞላ መሣሪያው መመዝገብ ያቆማል ወይስ የቀደመውን እየደመሰሰ ይቀጥላል የሚለው ጥያቄም ከመግዛት በፊት መጠየቅ አለበት። ክስ ሊነሣበት ለሚችል ጭነት የቀደመውን የሚደመስሰው አይበጅም።

ባትሪውም እንዲሁ ነው። ተራው የአልካላይን ባትሪ በብርድ ይዳከማል፤ በበረዶ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ መዝጋቢ የሊቲየም ባትሪ ይመረጣል። ባትሪው በአገር ውስጥ የማይገኝ ዓይነት ከሆነ፥ ርካሽ የተባለው መሣሪያ ከአንድ ዓመት በኋላ ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

የሚቆምበት ስፍራ

እውነተኛ ምስክርም ቢሆን ነገሩ ባልሆነበት ስፍራ ቆሞ ከሆነ ቃሉ አይረባም። መዝጋቢውን ከማቀዝቀዣው ነፋስ ፊት ማስቀመጥ ዕቃው ካለበት ይልቅ ብርዱን አጋኖ ያሳያል፤ በበሩ አጠገብ ማስቀመጥም በሩ በተከፈተ ቍጥር ያስጮኸዋል። በመድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገቢው ስፍራ ከመካከለኛው መደርደሪያ፥ ከዕቃው መካከል ነው። ጫፉ ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ ሴንሰር የአየሩን ሳይሆን የመድኃኒቱን ሙቀት ስለሚከተል የሐሰት ማንቂያን ይቀንሳል። በጭነት መኪና ላይ አንዱን ከፊት፥ አንዱን ከኋላ በር አጠገብ፥ አንዱን በካርቶን ውስጥ ማድረግ ይገባል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ከሆነ ደግሞ አንድ መሣሪያ አይበቃም። በቀትር ከጣሪያው ሥር ያለው መደርደሪያ ከወለሉ ይልቅ እጅግ ይሞቃል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የተባለ መድኃኒት ከላይ ከተደረደረ ወሰኑን ያልፋል። ስለዚህ በየማዕዘኑ፥ ከላይና ከታች ጥቂት መዝጋቢዎች አድርጎ አንድ ሳምንት ያህል በበጋው ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ፥ አንድ ሳምንትም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ በጣም በሞቀውና በጣም በቀዘቀዘው ስፍራ ብቻ መሣሪያ ትቶ ቀሪውን ለሌላ ሥራ ማዋል ይቻላል።

ስለ እርጥበት ለሚያስቡ ላኪዎችም ተመሳሳይ ምክር አለ። ቡናና ቅባት እህል ከደጋው ቅዝቃዜ ተነሥተው ወደ ጂቡቲ ወበቅ ይወርዳሉ፤ ከዚያም በባሕር ወደ አውሮፓ ክረምት ይገባሉ። የኮንቴይነሩ ብረት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት በጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። መዝጋቢው ከጆንያው መካከል ብቻ ከተቀበረ ይህን አያይም፤ አንድ ከጣሪያው ሥር መሰቀል አለበት። በአበባ ቤቶችም ከ90 ከመቶ በላይ የሆነ እርጥበት ለብዙ ሰዓት ሲቆይ ግራጫ ሻጋታ በእምቡጡ ላይ ይበረታል፤ ሻጋታው ከመታየቱ በፊት ግን ምልክቱ በመዝገቡ ላይ ይገኛል።

የሰዓቱ ነገር

ከሁሉ ይልቅ በእኛ አገር ነጋዴዎች ላይ ኪሣራ ሊያመጣ የሚችለው፥ በመሣሪያዎቹ መምሪያ መጻሕፍትም ብዙ ያልተጻፈበት፥ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ብዙዎቹ መዝጋቢዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ሰዓታቸው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የተሞላ ነው፤ ይህም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሰበታ ገበሬ አበባውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ለጭነት መኪና አስረከበ እንበል፤ መኪናው ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ አስረክቦ ተመለሰ። በመዝገቡ ላይ ሙቀቱ ከ18፡30 እስከ 20፡00 ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ በአገራችን ሰዓት የተሞላ ነው ተብሎ ከተነበበ 18፡30 ማለት ከምሽቱ 12፡30 ነው፤ ያን ጊዜ አበባው በገበሬው ቅዝቃዜ ክፍል ስለ ነበረ ጥፋቱ የገበሬው ይሆናል። ሰዓቱ ግን በዓለም አቀፉ መነሻ የተሞላ ከሆነ ሙቀቱ የተነሣው ከምሽቱ 3፡30 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ገበሬውም ባለ መኪናውም አስረክበው ከተለዩ በኋላ ማለት ነው። መስመሩ አንድ ሳለ ዕዳው ከአንዱ ሰው ትከሻ ወደ ሌላው የሚዛወረው በሰዓቱ አሞላል ብቻ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት ሰዓቱ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሞላቱን ማረጋገጥና በርክክብ ወረቀቱም ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ርክክቡ በተደረገ ቍጥር ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር፥ ቀኑም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፍ፤ ተረካቢውም ይፈርምበት። ያለ ርክክብ ወረቀት መዝገቡ ሙቀቱ መቼ እንደ ተነሣ እንጂ ዕቃው በማን እጅ እንደ ነበረ አይናገርም።

የትኛው ለማን

የመዝጋቢ ዓይነቶች በሦስት ይጠቃለላሉ። ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግለው ከካርቶኑ ጋር ሄዶ የማይመለስ ነው፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው መዝገቡን ራሱ በፒ ዲ ኤፍ ያወጣል። መሣሪያው ለማይመለስለት ላኪ ይህ ይስማማዋል። ደጋግሞ የሚያገለግለው ለመጋዘን፥ ለመድኃኒት ቤትና ለወተት ጋን ይበጃል። በሲም ካርድ ወይም በዋይ ፋይ የሚሠራው ወሰኑ ባለፈ ጊዜ ወዲያው በስልክ መልእክት የሚያስጠነቅቅ ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ቢበልጥም ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ዕቃ በአንድ ክፍል ለሚያስቀምጥ ሰው አንድ ሌሊት ብቻ ቢያድን ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። ይህን የሚመርጥ ሰው መብራት ሲጠፋ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ዕቃ በባትሪ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጥ። በአውሮፕላን የሚጓዝ ከሆነም አስቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ አስመጪው በአንድ ጊዜ ከሚከፍለው ዋጋ ሌላ በየዓመቱ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ነገር እንዳለ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች ለሻጩ በጽሑፍ ቢያቀርብ ይጠቅመዋል።

1ኛ፤ ስሕተቱ ዕቃው በሚቀመጥበት ሙቀት ላይ ስንት ነው?

2ኛ፤ የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት ለእያንዳንዱ መሣሪያ አለውን? ወይስ ለመላው ጭነት አንድ ብቻ ነው?

3ኛ፤ መዝገቡ ያለ ልዩ ፕሮግራምና ያለ ዓመታዊ ክፍያ ይነበባልን?

4ኛ፤ የተመዘገበው ቍጥር በኋላ ሊለወጥ ይችላልን? ሊለወጥ የሚችል መዝገብ በክርክር ጊዜ አይታመንም።

5ኛ፤ ባትሪውና ሴንሰሩ በአገር ውስጥ ሊለወጡ ይችላሉን?

6ኛ፤ ሬዲዮ ወይም ሲም ካርድ ያለው ከሆነ፥ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለመሣሪያው ዓይነት ማረጋገጫ ተገኝቶለታልን?

ከመዝገብ በኋላ

በመጨረሻም መሣሪያውን ገዝቶ ማንም ሳያነበው የሚተው ነጋዴ ገንዘቡን በከንቱ አውጥቷል። መዝገቡን በየጠዋቱ የሚያይ፥ በየሳምንቱም አውጥቶ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው በስሙ መመደብ አለበት፤ ማንቂያው ሲጮኽ ወደ ማን እንደሚደወልና ዕቃው ወደ የት እንደሚዛወርም በግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ለክትባት ማቀዝቀዣ የተለመደው ማንቂያ ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት፥ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ሲቆይ የሚጮኽ ነው። ከዚህ ልዩነት እንደሚታየው ብርዱ የሚሰጠው ጊዜ ከሙቀቱ እጅግ ያጠረ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ባለ መድኃኒት ቤቱ በዚያች ሰዓት ውስጥ ከደረሰ መድኃኒቱን ያድናል፤ ባይደርስ እንኳ የትኛው መድኃኒት መጣል እንዳለበት ለይቶ ያውቃል። መዝገብ የሌለው ግን ደኅናውንም ከተበላሸው ጋር ይጥላል፥ ወይም የተበላሸውን ለሕመምተኛ ይሸጣል። ስለዚህ በቅዝቃዜ የሚጠበቅ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ሁሉ፥ ለጊዜው አንድ መሣሪያ ብቻ የሚገዛበት ዐቅም ቢኖረውም እንኳ፥ ሰዓቱን አስተካክሎ፥ በበረዶ ፈትኖ፥ ከዕቃው መካከል አኑሮ ሥራውን ዛሬ ሊጀምር ይገባዋል።